ሴቭ ዕልባት ብቻ አይደለም

ሰሞኑን በጌመሮች መካከል አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ክርክሩ ሴቭ ማድረግ፣ መሞትና ካቆሙበት መነሣት የጌም ታሪክ አካል ሊሆኑ አይገባም የሚል ነው። ጸሐፊው የሚናገሩትን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሴቭ መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገባ ዕልባት ነው፣ ዕልባት ደግሞ ልቦለዱ ውስጥ ገብቶ አያወራም። ነገሩ አንደርቴል የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2015 ያመጣው ፋሽን ነው። ሞቶ መነሣት በታሪኩ ውስጥ ምክንያት ሲበጅለት ሞት ክብደቱን ያጣል። መብራት በሚጠፋበት አገር ለሚጫወት ሰው እንዲህ ያለው ጌም ቅንጦት ነው። በመጨረሻም ሴቭ የሚያጠፉ ጌሞች የተጫዋቹን ድካም ይንቃሉ፤ ፋይል ኮፒ ማድረግ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስለሚያልፋቸው ከንቱ ናቸው።

ከአምስቱ አንዱ በግማሽ፣ ሌላው በሩብ ያህል እውነት አለው። የትኞቹ እንደሆኑ እናያለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጌሞቹን መጨረሻ ሳይነኩ መከራከር ስለማይቻል፣ አንደርቴልን፣ ባዮሾክን፣ አውተር ዋይልድስን ወይም ኒርን ገና ሊጫወት ያሰበ ሰው ቢቆይ ይሻለዋል።

ከዕልባቱ እንጀምር። ዕልባት የተነበበውን ገጽ አይለውጥም፤ አንባቢው ወደ ኋላ ቢገልጥም የሞተውን ሰው ሞቶ ነው የሚያገኘው። ሎድ ማድረግ፣ ማለትም የቀድሞውን ሴቭ መልሶ መክፈት፣ ግን የሆነውን እንዳልሆነ ያደርገዋል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚለውን ተረት አንዲት ቁልፍ ውድቅ ታደርገዋለች፤ ተጫዋቹም ያቺን ቁልፍ በአንድ ጌም ውስጥ ሃምሳ ጊዜም መቶ ጊዜም ይነካታል። ዋናው ገጸ ባህሪ በዚያ ዓለም ካለ ፍጡር ሁሉ የሚበልጥ ሥልጣን ይዞ ሲዞር ታሪኩ እንዳላየ ይለፈው? አብዛኞቹ ጌሞች ያልፉታል፣ ነውርም የለውም። ያላለፉት ግን ዕልባቱን አላናገሩትም፤ ተጫዋቹ በእጁ የሠራውን ነው የቆጠሩበት።

የቶቢ ፎክስ አንደርቴል ላይ ይህን ማንም በራሱ ሊፈትሸው ይችላል። የመጀመሪያው ሰፈር ሩይንስ ይባላል። ቶሪየል የምትባል ፍጡር ተጫዋቹን እንደ ልጇ ተቀብላ ፓይ ትጋግርለታለች፤ ልውጣ ሲላት ግን በሩ ላይ ቆማ ትከለክለዋለች። ከቤቷ ፊት ለፊት ባለችው ኮከብ ሴቭ ይደረግ፣ ከዚያ ተገብቶ ውጊያው ይጀመር፣ «ፋይት» እየተመረጠ ትመታ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እንደ ሌሎች ጌሞች አድክሜ እተዋታለሁ ብሎ ይመታል፤ ጉልበቷ ዝቅ ሲል ግን አንዱ ምት ከወትሮው እጅግ በልጦ ያርፍባትና ትሞታለች። አሁን ሴቭ ሳያደርጉ ጌሙን ዘግቶ መክፈት ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ «ሜርሲ» ውስጥ ገብቶ «ስፔር» የሚለውን ደጋግሞ መምረጥ፤ ለብዙ ዙር መልስ ስለማትሰጥ አልሠራም ብሎ ማቋረጥ አይገባም። በመጨረሻ ታሳልፋለች። ከበሩ ባሻገር ፍላዊ የሚባለው አበባ ይጠብቃል፤ የሚለውም ባጭሩ ያደረግኸውን አውቃለሁ፣ ገድለሃት ነበር፣ ስለጸጸተህ ተመለስክ ነው።

እንዴት አወቀ? ዊንዶውስ ላይ «አፕዳታ» ውስጥ «ሎካል» የሚባለው ፎልደር ሲከፈት የጌሙ ስም ያለው ፎልደር ይገኛል። «ፋይል 0» የሚለው የተለመደው ሴቭ ነው፤ ተጫዋቹ ኮከቧን ሲነካ ብቻ ይጻፋል። አጠገቡ በጌሙ ስም የተሰየመ፣ በኖትፓድ የሚከፈት የአይኤንአይ ፋይል አለ፤ እዚህኛው ላይ የሚጽፈው ጌሙ ራሱ ነው፣ ተጫዋቹ ሴቭ አድርጎም ሳያደርግም። የቶሪየል መሞትና መትረፍ እዚያ ይመዘገባል። የፓዩ ነገር ሳይቀር። ቀረፋ ነው ወይስ በተርስኮች የምትወደው ብላ የጠየቀችውን መልሶ፣ ሴቭ ሳያደርግ ወጥቶ የተመለሰ ተጫዋች ጥያቄው ተለውጦ ያገኘዋል፤ ልትጠይቅ ትጀምርና ቆይ አትንገረኝ ብላ ራሷ ትገምታለች፣ ትክክልም ይሆንላታል። ውጊያ የለበትም፣ ሽልማት የለበትም፤ አንዲት እናት ሳታውቀው ያስታወሰችው ነገር ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ያየ ሰው ዕልባት ነው ብሎ እንዴት እንደሚከራከር አይገባንም።

የታሪኩ እንብርት ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። ፍላዊ ከተጫዋቹ በፊት ሴቭ የማድረግ ሥልጣን የነበረው እሱ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ወዳጅ አደረገ፣ የሁሉንም ችግር ፈታ፣ ሰዎቹ ምን ሲባሉ ምን እንደሚመልሱ በቃሉ ያዘ፤ ከዚያ ሰለቸው፤ ደግሞ ቢገደሉስ ምን ይሆናል ብሎ መግደል ጀመረ። ይህ አንድን ጌም መቶ በመቶ የጨረሰ ሰው ታሪክ ነው። ሴቭን ከዚህ ታሪክ አውጥተን ምን እንደሚቀር ጸሐፊው ቢነግሩን ደስ ይለን ነበር። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ፍላዊ ሥልጣኑን መልሶ ሲነጥቅ ጌሙ በራሱ ይዘጋል፤ ሲከፈት የተጫዋቹ ስም በነበረበት ቦታ የፍላዊ ስም፣ ደረጃ 9999 ተብሎ ይታያል። ውጊያው ውስጥም ያመለጡትን ምት እሱ ሎድ አድርጎ ይመልሰዋል። ተጫዋቹ ሲጠቀምበት የቆየውን መሣሪያ ሲደርስበት ይቀምሰዋል ማለት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ፣ ከሁሉ ጨካኟን። ሁሉንም የመግደል መንገድ የሚከፈተው በየሰፈሩ ያለው ፍጡር ተገድሎ ሲያልቅ ነው፤ በሩይንስ 20፣ በስኖውዲን 16፣ በዎተርፎል 18፣ በሆትላንድና በኮር 40። አንድ ሰው ቁጥሩ ሳይሞላ ቦሱ፣ ማለትም የሰፈሩ ዋና ተፋላሚ፣ ዘንድ ከደረሰ መንገዱ ይቋረጥና ወደ ተራው ታሪክ ይመለሳል። ቁጥሩን የሞላ ሰው መጨረሻ ላይ ሳንስ የሚባለውን አጽም ያገኛል። ሳንስ ተጫዋቹ ስንት ጊዜ እንደሞተ ከፊቱ እያነበበ ይቆጥራል። መሃል ላይ ውጊያውን ያቆምና እርቅ ያቀርባል፤ ተጫዋቹ ከተቀበለ ወዲያው ይገድለውና እውነት ወዳጄ ከሆንክ አትመለስም ይላል። የእርቁ ብቸኛ ፍጻሜ ሎድ አለማድረግ ነው። ምርጫው ያለው ስክሪኑ ላይ ካሉት ቃላት ውስጥ አይደለም፤ ጌሙን ዘግቶ በመነሣት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ በ2015 የተጀመረ ፋሽን ነው የሚለው፣ በቀላሉ የሚፈርስ ነው። ድራጎን ክዌስት በ1986 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ ማሽን ሲወጣ ካሴቱ ላይ ሴቭ የሚይዝ ባትሪ አልነበረውም። ተጫዋቹ ለማቆም ሲፈልግ ወደ ንጉሡ ይሄዳል፤ ንጉሡም «የትንሣኤ ድግምት» ይሰጠዋል፤ 20 የጃፓን ፊደሎች፣ በ5፣ በ7፣ በ5 እና በ3 የተከፈሉ፣ ግጥም መሰል። ተጫዋቹ በወረቀት ይገለብጣል፤ በነጋታው ሲያስገባው ደረጃው፣ ወርቁና ዕቃው ይመለሳል። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ድግምቱ አይሠራም፤ በሁለተኛው ክፍል እስከ 52 ፊደል ስለደረሰ ስሕተቱም በዚያው ልክ በዛ። ደበስ ያለ ቲቪ ላይ ተመሳሳይ ፊደሎችን መለየት ምን እንደሚመስል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ጸ» እና «ጾ»ን በደብዛዛ ስክሪን ያነበበ ይፍረድ። ጀግናው ሲሞትም «ጌም ኦቨር» የለም። ንጉሡ ፊት ይነሣል፣ ይገሠጻል፣ ከወርቁ ግማሹ ይሄዳል፣ ያካበተው ልምድ ግን አይነካም። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ወደ አስቸጋሪ ዋሻ ከመግባቱ በፊት ወርቁን ጋሻና ሰይፍ ይገዛበታል። ሴቩም፣ ሞቱም፣ ትንሣኤውም በአንድ ንጉሥ አፍ ነው የሚነገሩት። አንደርቴል ሊወጣ 29 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

በ1999 ፕሌንስኬፕ ቶርመንት ሞቶ ሬሳ ቤት ውስጥ የሚነሣ፣ ስሙን የማያውቅ ሰው ታሪክ ይዞ መጣ፤ እሱ በተነሣ ቁጥር በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው እንደሚሞት ኋላ ይገለጣል። በ2000 የዜልዳው ማጆራስ ማስክ ተከተለ። ጨረቃ በሦስት ቀን ውስጥ ትወድቃለች፤ 72 የጌሙ ሰዓት በእኛ 54 ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናው ሴቭ የጊዜን ዜማ ኦካሪና በሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ተጫውቶ ወደ መጀመሪያው ቀን መመለስ ነው። ጭምብል፣ ዜማና ዋና መሣሪያ ይቀራል፤ ፍላጻ፣ ቦምብ፣ በእጅ ያለ ገንዘብና የቤተ መቅደስ ቁልፍ ይጠፋል። ጀማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ነው፦ ቤተ መቅደሱን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ጊዜ ያልቅበትና ከመጀመሪያው ይጀምራል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ዜማውን ገልብጦ ተጫውቶ ጊዜውን ማዘግየት፣ ገንዘቡን ደግሞ ከመመለስ በፊት ባንክ ማስገባት፤ ባንኩ ደንበኛው ላይ ማኅተም ስለሚመታ ጊዜ ቢገለበጥም ሒሳቡን ያውቃል። ታሪኩ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ሌላ ነው። ተጫዋቹ በሦስት ቀን ውስጥ የረዳው ሰው ሁሉ ዜማው ሲመታ ወደ ችግሩ ይመለሳል፤ ሴቭ ለማድረግ ያጽናናውን ሰው መልሶ ማሳዘን ግድ ነው። ዕልባት እንዲህ አያደርግም።

የ2003ቱ ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ፦ ዘ ሳንድስ ኦፍ ታይም ደግሞ ለእኛ ለተረት ልጆች የቀረበ ነው። ልዑሉ ታሪኩን ለአንዲት ሴት እየተረከ ነው። ተጫዋቹ ገደል ሲገባ ድምፁ ይሰማል፦ የለም የለም፣ እንዲህ አልነበረም። ተራኪ ሲሳሳት እንደሚያርመው ማለት ነው፤ የሞተው ልዑሉ ሳይሆን ተረቱ ነው የተሳተው። መጨረሻ ላይ አድማጯ ማን እንደሆነች፣ ለምንስ እንደሚነገራት ሲታወቅ፣ እስከዚያ ድረስ የነበሩት ሞቶች ሁሉ ቦታቸውን ይይዛሉ። በ2004ቱ ሜታል ጊር ሶሊድ 3 ላይ ያለው ሽማግሌ አነጣጣሪስ? ዚ ኤንድ ይባላል፤ ውጊያው መሃል ሴቭ ተደርጎ ከአንድ ሳምንት በላይ ከተቆየ፣ ወይም የኮንሶሉ ሰዓት በዚያው ልክ ወደፊት ከተገፋ፣ ሲመለሱ በእርጅና ሞቶ ይገኛል። ፋሽን ከሆነ አያቱም ፋሽን ተከታይ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ነው ግማሽ እውነት ያለው። ባዮሾክ በ2007 ቪታ ቼምበር የሚባል ሳጥን አመጣ፤ የሞተ ተጫዋች በአቅራቢያው ካለው ሳጥን ይወጣል። ማብራሪያው በሚገባ የታሰበ ነው፤ ሳጥኖቹ የከተማዋን መሥራች የአንድሩ ራያንን ዘር ስለሚያውቁ ተጫዋቹን ማስነሣታቸው ራሱ ማንነቱን አስቀድሞ ይጠቁማል። አጨዋወቱ ግን ተበላሸ። ጠላት ያጣውን ጉልበት ስለማይመልስ፣ ግዙፉን ቢግ ዳዲ በመፍቻ እየመቱ፣ እየሞቱ፣ ከሳጥን እየወጡ፣ እንደገና እየመቱ መጨረስ ይቻላል። ጥይትና መድኃኒት መቆጠብ ትርጉም አጣ። ኋላ በአፕዴት ሳጥኖቹን የመዝጋት ምርጫ መጨመሩ ሠሪዎቹም እንደገባቸው ያሳያል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነን።

ሆኖም ጥፋቱ ሞት ምክንያት ስለተሰጠው አይደለም፤ ምክንያት ተሰጥቶት ዋጋ ስላልተጠየቀበት ነው። ምክንያትና ዋጋ ለየቅል ናቸው። ሴኪሮ በ2019 ዋጋ ለመጠየቅ ሞክሯል፤ ጀግናው ሞቶ በተነሣ ቁጥር ከሌሎች ሕይወት ይወስዳል፣ በዙሪያው ያሉ ሰዎችም ድራጎንሮት በሚባል ሳል ይያዛሉ። የታመመ ሰው ተልዕኮው ይቆማል፤ ሲሞቱ ገንዘብና ልምድ እንዳይጠፋ የሚያደርገው «የማይታይ ረድኤት» ከ30 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ድንቅ ነው። በተግባር ግን በበሽታው የሚሞት የለም፤ አንድ ጠብታ መድኃኒት ሐውልቱ ጋ ሲቀርብ ሁሉም በአንዴ ይድናል። ለጀማሪዎች የምንለው፦ አንድ ሰው ባሳለ ቁጥር መድኃኒት አታባክኑ፤ አስቸጋሪውን ቦስ ጨርሳችሁ፣ ሰዎቹን ከማናገራችሁ በፊት ተጠቀሙበት። ምክሩ ራሱ ድክመቱን ያጋልጣል፤ የሰው ሕመም የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል።

ሒሳቡን በትክክል የሠራው በዚያው ዓመት የወጣው አውተር ዋይልድስ ነው። ፀሐይ በ22ኛው ደቂቃ ትፈነዳለች፤ ተጫዋቹ ሞቶ እሳቱ ዳር ይነቃል። የሚሸከመው ዕቃ የለም፤ የሚቀረው የሚያውቀው ብቻ ነው። ምክንያቱም ጥብቅ ነው፦ አንድ ሐውልት ትዝታውን ይይዛል፣ አሽ ትዊን በተባለችው ፕላኔት እምብርት ያለው መሣሪያ ደግሞ ትዝታውን 22 ደቂቃ ወደ ኋላ ይልካል። ሐውልቱ ዓይኑን ገልጦ ከማየቱ በፊት የሞተ ሰው አይነሣም፤ ጌሙ እዚያው ያልቃል። ጌሙን ለመጨረስ ደግሞ ያንን መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰውን ኮር መንቀል ግድ ነው። ከነቀሉት በኋላ መነሣት የለም። ኮሩን ይዘው ወደ ዳርክ ብራምብል ይበራሉ፤ እዚያ ድምፅ የሚሰሙ ግዙፍ ዓሦች አሉ። ሞተር መንካት አይቻልም፤ ከመግቢያው ጥቂት ፍጥነት ይዞ፣ እጅን ከጆይስቲኩ አንሥቶ መንሳፈፍ ነው። የሚሳሳቱት በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ በፍጥነት ገብተው ለመታጠፍ ሞተር ይነካሉ፣ ወይ በጣም ዘግይተው ፀሐይዋ ትቀድማቸዋለች። ሃያ ሰላሳ ጊዜ ያለ ሐሳብ የሞተ ሰው በእነዚያ ደቂቃዎች ትንፋሹን ይይዛል። ሞት ምክንያት ባይኖረው ኖሮ ምክንያቱን መንቀል አይቻልም ነበር፤ ክብደቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ሄዲስን ባጭሩ። በ2020 ሙሉ ሆኖ የወጣው ይህ ጌም እያንዳንዱን ሞት ወደ ቤት መመለሻ አደረገው፤ የእንቅልፍ አምላኩ ሂፕኖስ በምን እንደተሞተ እያነበበ ያላግጣል፣ ታሪኩ ፍጻሜ የሚያገኘውም ከሙታን ዓለም ማምለጡ 10 ጊዜ ሲሳካ ነው። እዚህ መሞት ቅጣት ሳይሆን ወሬ መስሚያ ነው። ክብደት የለውም ከተባለ፣ እንዲኖረው አልተፈለገም።

አራተኛው የመብራት ጉዳይ ነው፤ ሩብ እውነት ያልነው ይኼኛው ነው። ችግሩ አለ፣ ጌሞቹ ላይ በጅምላ መለጠፉ ግን ልክ አይደለም። መብራት ድንገት ቢጠፋ የሚጠፋው ምን ያህል ነው ብሎ አንድ በአንድ ማየት ይሻላል። አውተር ዋይልድስ ቢበዛ የአንድ ዙር፣ 22 ደቂቃ። ሄዲስ በየክፍሉ መግቢያ ስለሚመዘግብ የአንድ ክፍል ውጊያ። አንደርቴል ከመጨረሻዋ ኮከብ ወዲህ ያለውን፤ ኮከቦቹ ደግሞ ተቀራራቢ ናቸው። የሚያስከፋው ኒር አውቶማታ ነው። በ2017 ሲወጣ ሆን ብሎ ያለ አውቶሴቭ (ጌሙ በራሱ ሴቭ ሳያደርግ) ነው የወጣው፤ መግቢያው ላይ ደግሞ ጨርሶ ሴቭ ማድረግ አይቻልም። ተጫዋቹ እዚያ ከሞተ ታሪኩ «ዳብልዩ» በሚል ፍጻሜ ተዘግቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ሰዓት መብራት አስተማማኝ በሆነበት ጊዜ መጫወት፣ ወይም ባትሪ ባለው ላፕቶፕ። ከከተማ ወደ በረሃ ሲወጡም በሴቭ ጣቢያው አጠገብ አልፎ መሄድ የለም።

የጸሐፊው ክርክር በእውነት የሚሠራበት ሪተርናል ነው። በሚያዝያ 2021 ለፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ አንድ ዙር ሁለት ሰዓት ቢወስድም መሃል ላይ ማቆሚያ አልነበረውም። ማሽኑን ሳያጠፉ በሬስት ሞድ አሳርፎ መተው ነበር ምርጫው፤ ሬስት ሞድ ደግሞ ኃይል ይፈልጋል፣ መብራት ከሄደ ዙሩም አብሮ ይሄዳል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በመጣው አፕዴት ዙሩን ማቆያ ተጨመረ፤ አንድ ጊዜ ሲከፈት የሚጠፋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል። ልብ በሉ፣ ታሪኩ በዚህ አልተነካም። ጀግናዋ ሴሊን አሁንም የራሷን ሬሳ መንገድ ላይ ታገኛለች። ስሕተቱ የታሪኩ ሳይሆን የማቆያው ነበር፤ ማጆራስ ማስክ በጉጉት ሐውልቶቹ ጊዜያዊ ሴቭ ከሰጠ 21 ዓመት ሆኖት ነበር።

ቅንጦት ለሚለው ቃል ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። አንደርቴል 200 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አንደርቴል፣ ሄዲስና አውተር ዋይልድስ ባትሪ ባለው ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ይገኛሉ። በሰዓት በሚከፈልበት ፕሌይስቴሽን ቤት ለሚጫወት ሰው የባሰው ችግር መብራት አይደለም፤ ሁሉም በአንድ አካውንት መጫወቱ ነው። አንደርቴል አንድ ሴቭ ብቻ ነው ያለው፣ ትዝታውም አብሮት ነው፤ ትናንት ሌላው የሠራውን ኃጢአት ዛሬ የመጣው ይወርሳል። ኮንሶሉ ላይ የራስን ዩዘር መክፈት ነገሩን ይፈታዋል፤ ከደቂቃ በላይ አይወስድም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ እንምጣ፦ ሴቭ ማጥፋት ንቀት ነው፣ ኮፒ ያደረገም ያልፈዋል። የ2010ሩን ኒር እንውሰድ። አራተኛው ፍጻሜ የሚከፈተው ሁሉንም የጦር መሣሪያ ለሰበሰበ ሰው ብቻ ነው። ጌሙ የጀግናውን የጉዞ ጓደኛ ካይኔን ለማዳን የራስህን መኖር ትሰጣለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ደጋግሞም ያረጋግጣል። እሺ ካሉ የሰበሰቡት መሣሪያ፣ ካርታው፣ ማስታወሻው ዓይን እያየ አንድ በአንድ ይሰረዛል፤ በመጨረሻም ሴቩ ሁሉ። አዲስ ጌም ሲጀመር ያንኑ ስም መጻፍ አይፈቀድም፤ ያ ሰው ከዚህ ዓለም ተፍቋል። ይህ በግድ የተወሰደ አይደለም፣ ተጠይቆ የተሰጠ ነው። እምቢ ያለ ሰው ሌላውን ፍጻሜ ያያል፤ ካይኔ ትሞታለች፣ ሴቩ ይቀራል። ድካምን የናቀ ሰው ድካም ያለበትን ነገር በመሥዋዕትነት አይጠይቅም፤ ቀላል ነገር የሰጠ ሰው ምን ሰጠ ይባላል?

አዎ፣ ሴቩን አስቀድሞ ፍላሽ ላይ የገለበጠ ሰው መልሶ ያገኘዋል። በ2021 የታደሰው እትም እንዲያውም መልሶ የሚያገኝበትን ተጨማሪ ፍጻሜ ጨምሯል። አውቶማታ ላይ ግን ኮፒው ክርክሩን ራሱ ያከሽፈዋል። የመጨረሻው ፍጻሜ ከሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ጋር የሚደረግ ውጊያ ነው፤ ብቻውን የሚችለው የለም ማለት ይቻላል። ደጋግሞ የወደቀ ተጫዋች እርዳታ ይቀርብለታል፤ ሲቀበል የሌሎች ተጫዋቾች መርከቦች ይከቡታል። አንዷ በተመታች ቁጥር የአንድ ሰው ዳታ እንደጠፋ ይጻፋል። ሲያልፍ ይጠየቃል፦ አንተም ለማታውቀው ሰው ሴቭህን ትሰጣለህ? የሰጠው ሰው ቤቱ ኮፒ ቢኖረውም ባይኖረውም ያ የማያውቀው ሰው ይረዳል። ኮፒው የሚነካው ሰጪውን ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደሰጠ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

ሳይጠይቅ የሚያጠፋም አለ። ዶኪ ዶኪ ሊትሬቸር ክለብ በ2017 በነጻ ወጥቶ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ የቀድሞ ሴቮችን ይወስዳል፤ ራስን ማጥፋት በግልጽ ስላለበት ለልጅ የሚሰጥ አይደለም። ግን እሱም ለሎድ ቦታ ትቷል፦ ከምዕራፉ ማብቂያ በፊት እየተመለሰ ከሦስቱም ልጆች ጋር ጊዜ ያሳለፈ ተጫዋች ለሌላው የማይታይ ፍጻሜ ያገኛል።

ኮፒ ስላልን፣ ጸሐፊው አንደርቴልን ሴቭ በመሰረዝ ከባዶ መጀመር ይቻላል ያሉትን እናስተካክል። «ፋይል 0»ን ብቻ መሰረዝ ምንም አይፈይድም፤ ትዝታው የአይኤንአይ ፋይሉ ውስጥ ነው። ሁሉንም የገደለ ሰው ደግሞ ጌሙን ሲከፍት ጨለማና የነፋስ ድምፅ ያገኛል። 10 ደቂቃ ከጠበቀ አንድ ድምፅ ነፍስህን ስጠኝና ዓለምን ልመልስልህ ይላል። የተስማማ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰላማዊውን ፍጻሜ ቢጫወትም መጨረሻው ይመረዝበታል፤ ይህ ምልክት የሚቀመጠው «ሲስተም ኢንፎርሜሽን 962» እና «963» በሚባሉ ሁለት ፋይሎች ነው። እነሱም ቢሰረዙ ስቲም በሚባለው የጌም መደብር የገዛ ሰው ሴቩ ስቲም ክላውድ ላይ ስለሚቀመጥ ከኢንተርኔት አውርዶ ሊመልሳቸው ይችላል፤ ብዙ ሰው ጌሙ ተረገመብኝ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ስቲም ውስጥ የጌሙን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ክላውዱን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ጌሙ ተዘግቶ እያለ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን በሙሉ መሰረዝ፣ ከዚያ መክፈት ነው። ኮንሶል ላይ የጌሙን ሴቭ ዳታ ከሴቲንግ ውስጥ በሙሉ መሰረዝ ይበቃል። በትክክል መሠራቱን ማረጋገጫው ቶሪየል ናት። ቤቷ ደርሶ ሲጠየቅ፣ ሳትገምት፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና ትጠይቃለች፦ ቀረፋ ይሻልሃል ወይስ በተርስኮች?